ጠርቶ ማሳደር

"ጽዋ" ስንል መጨረሻ ላይ አንድ ድምፅ እንውጣለን። ግእዙ "ጽዋዕ" ነው፣ ከነዐይኑ። በየወሩ፣ በሚካኤል በ12 ወይም በማርያም በ21፣ ከአንዱ ማኅበርተኛ ቤት ወደ ሌላው የሚዞረው ጽዋ ይህ ነው። ከአጠገቡ "ጸውዐ" የሚባል ግስ ተቀምጧል፤ ጠራ፣ ጋበዘ፣ ስም አወጣ ማለት ነው። ከግሱ የሚወጣው ስም "ጽዋዔ" ነው፣ ጥሪ። ጽዋዕና ጽዋዔ፣ ዋንጫና ጥሪ፤ የሚለያቸው የመጨረሻዋ ፊደል ድምፅ ብቻ ነው። ማኅበርተኛ ጽዋውን ሲያነሣ ፈጣሪውን እየጠራ ነው ለማለት እንዴት ያጓጓል! ዐረብኛ ግን አይፈቅድም። "ጹዋዕ" በዐረብኛም የመጠጫ ስም ነው፤ ቁርኣን በዮሴፍ ምዕራፍ (12፥72) ጠፋ የተባለውን የንጉሥ ዋንጫ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ዋንጫው እንግዲህ የራሱ የቆየ ዘር አለው፣ ከጥሪው አልተወለደም። ዘመድ መስለው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው።

ጥሪውን ግን አልተወውም። ሰዎች ተሰብስበው እግዚአብሔር በመካከላቸው እንዲገኝ የሚለምኑባቸውን ቃላት ሥር ስፈልግ ደጋግሜ የምደርሰው እንግዳ መቀበያ ቤት ነው። መጥራት፣ "ና" ማለት፣ መሰብሰብ፣ ድምፅ ለድምፅ መመለስ፣ ማሳደር። የጋራ ጸሎት ቃላት በዚህ መንገድ ይሄዳሉ።

አማርኛ "ጸውዐ"ን ለግእዝ ትቶ "ጠራ"ን ያዘ። "ጠራ" ደግሞ የግእዝ "ጸርኀ" ነው፣ ጮኸ ማለት፤ ዐረብኛው "ጸረኸ" ይላል። ግእዝ በ"ጸ" የሚለውን አማርኛ በ"ጠ" ይለዋል፦ ጸግበ ጠገበ ሆነ፣ ጸምአ ጠማ፣ ጸብሐ ጠባ። የጉሮሮው "ኀ" ደግሞ ሟሙቶ አናባቢ ብቻ አስቀረ። ስለዚህ ዛሬ ለስለስ ብሎ የሚሰማን "ጥሪ" ውስጡ ጩኸት አለው። በነገራችን ላይ ሌላም "ጠራ" አለ፤ ውሃ ጠራ፣ ሰማይ ጠራ የምንለው። እሱ ከ"ጸርየ" የመጣ ነው፣ ንጹሕ ሆነ፤ "ጽሩይ"ም የሚወጣው ከዚያ ነው። ሁለት የግእዝ ግሶች በአማርኛ አንድ መልክ ለበሱ። የሚያስታርቃቸው ስማቸው ነው፤ የአንዱ ጥሪ፣ የሌላው ጥራት።

"ጸ"ን ወደ "ጠ" የሚለውጠው ሕግ "ጸሎት"ን ሲያገኝ ይቆማል። በገጠር "ጠሎት" የሚል አንደበት አይታጣም፤ መጽሐፉና ከተማው ግን "ጸሎት" ይላሉ፣ ግሱንም "ጸለየ"። ቃሉ በአማርኛ ቤት ያደገ ቢሆን "ጸ"ው በ"ጠ" በተለወጠ ነበር። የገባው በቤተ ክርስቲያን በር ነው፣ ከነግእዝ ልብሱ። ግእዝም ራሱ የተቀበለው ከአራማይስጥ ነው፤ "ጽሎታ"። ዐረብኛው "ሰላት"ም ከዚያው ምንጭ የጠጣ ነው፤ በጥንታዊው የቁርኣን አጻጻፍ ውስጥ ሳይነበብ የሚጻፈው "ዋው" ያንን የአራማይስጥ "ኦ" ያስታውሳል። የአራማይስጡ ግስ መሠረት ማዘንበል፣ ጎንበስ ማለት ነው። ግእዝ በበኩሉ "አጽለወ" የሚል የቅርብ ዘመድ አለው፤ ጆሮን አዘነበለ፣ አደመጠ። በአንድ ወገን ለማኙ ያዘነብላል፣ በሌላው ሰሚው።

እግረ መንገዴን ስለ አጻጻፉ። ዛሬ ጋዜጣውም የግድግዳ ማስታወቂያውም "ፀሎት"ና "ፅዋ" ብሎ ይጽፋል። "ጸ" እና "ፀ" በአክሱም ዘመን ሁለት ድምፅ ነበሩ። የአራማይስጡ "ጻዴ" እና የዐረብኛው "ጻድ" ሁለቱንም ቃላት ወደ "ጸ" ይመልሷቸዋል። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት፣ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት፣ በአበገደ ተራ ተደርድሮ ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይጠብቃል። እኔም እጠብቀዋለሁ። ፊደል ሲደባለቅ የቃሉ የትውልድ ወረቀት ይጠፋል።

ከአራማይስጥ የመጣው "ጸሎት" ብቻ አይደለም። ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ቁርባን፣ ምጽዋት፣ ታቦት፣ ጣዖት፣ ሲኦል፣ ዓርብ። ቀደም ሲል የብዙዎቹ ግምት እነዚህን ያመጧቸው የሶርያ መነኮሳት ናቸው የሚል ነበር፤ ከተስዓቱ ቅዱሳን ታሪክ ጋር ይስማማል። በኢየሩሳሌም ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሐንስ ያኮብ ፖሎትስኪ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ግን የቃላቱ መልክ ከሶርያ ክርስቲያኖች አራማይስጥ ይልቅ ወደ አይሁድ አራማይስጥ እንደሚያደላ አሳየ። የአክሱም ክርስቲያኖች አንድ ላይ ሲጸልዩ የተጠቀሙባቸው ቃላት እንግዲህ በአይሁድ አንደበት የተሟሹ ነበሩ። "ሰገደ"ም የዚያ ዓለም ሰፊ ቃል ነው። ከሱ ክርስቲያኑ ስግደት አለው፣ ሙስሊሙ መስጊድ፤ ቤተ እስራኤልም የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉ ነበር። በተራራ ላይ ወጥተው የሚጸልዩበት በዓላቸው "ስግድ" በእስራኤል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው።

እንግዳ ከተጠራ በኋላ "ና" ይባላል። እዚህ ላይ ሰዋስው ራሱ ይደንቃል። በአማርኛ "መጣ፣ ይመጣል፣ መምጣት" እንልና ትእዛዙ ላይ ስንደርስ ሥሩን ጥለን "ና፣ ነይ፣ ኑ" እንላለን። ልማዱ የግእዝ ነው። ግሱ "መጽአ" ሆኖ ሳለ ጥሪው "ነዓ፣ ንዒ፣ ንዑ" ነው። ነዓ ያለፈ ጊዜ የለው፣ የሚመጣ ጊዜ የለው፤ ለመጥራት ብቻ የተፈጠረ ቃል ነው። ከ"ዐ" በቀር ምንም ሳይጠፋበት እስከ ዛሬ በየደጁ ይሰማል።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖችም የ"ና" ጸሎት ነበራቸው፣ በአራማይስጥ፦ "ማራናታ"። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በግሪክ ሲጽፍ (1ኛ ቆሮ. 16፥22) ይህን ቃል ሳይተረጉም ተወው፤ ግሪክ ተናጋሪዎቹም በጸሎታቸው ያውቁት ነበርና። ማራን አታ ብለው ቢከፍሉት "ጌታችን መጣ" ይሆናል፤ ማራና ታ ቢሉት "ጌታችን ሆይ፣ ና"። ሁለቱም ክፍሎች በቤታችን ዘመድ አላቸው። "ማር" ማለት ጌታ ነው፤ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው "ማር ይስሐቅ" የተጠራው በዚህ ማዕርግ ነው፣ ከንብ ማር ጋር አይገናኝም። "አታ" ደግሞ የግእዝ "አተወ" ወንድም ነው። አተወ ግን ዝም ብሎ መምጣት አይደለም፤ ወደ ቤት መግባት፣ ወደ ቤት መመለስ ነው። አራማይስጡ "መጣ" በሚልበት ቦታ ግእዙ "ቤቱ ገባ" ይላል። ለጸሎቱ ይህ ትርጉም የበለጠ የሚስማማው ይመስለኛል።

የሚጠራው ማነው? ማኅበር። "ኀበረ" ማለት ተጋጠመ፣ አንድ ሆነ ነው። ከሱ ኅብረት፣ ኅቡር፣ ኅብር፣ ማኅበር። በአማርኛ ኀ ስትጠፋ "አበረ" ቀረ፤ ከዚያ "ተባበረ"፣ ከዚያ በቀን ሺህ ጊዜ የምንጠራት ትንሿ ቃል "አብሮ"። "አብረን እንብላ" ያለ ሰው ሳያውቀው የማኅበርን ሥር ጠርቷል። ዕብራይስጡ "ሐቤር" ይላል፣ ባልንጀራ፤ አብረው ለማዕድ የሚቀመጡትን፣ በተለይም የፋሲካውን በግ አንድ ላይ የሚበሉትን "ሐቡራ" ይላቸዋል። በዕብራይስጥ "ሐ" እና "ኀ" ተዋሕደዋል። የኛ ማኅበርም እንደ ሐቡራው ከማዕድ አይለይም። ዳቦው ተባርኮ ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የነፍስ አባት ይጸልያሉ፣ የማኅበሩን ሥርዐት የሚጠብቀው ሰው "ሙሴ" ይባላል፣ ጽዋውም ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጣል።

ከዚህ ሥር የወጡት ሁለት ስሞች ግን በኋላ ዘመን ተከፋፈሉ። ኦርቶዶክሳዊው "ማኅበር" ሲል ወንጌላዊው "ኅብረት" ይላል፤ የጸሎት ኅብረት፣ የቤት ኅብረት። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባሎቿ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በድብቅ ጸለዩ። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በዚያው ዘመን አገሪቱ በመንግሥት ወረቀት ላይ "ኅብረተሰብአዊት ኢትዮጵያ" ትባል ነበር። የዘጋውም የተዘጋበትም ስም ከኀበረ ተወልዷል።

"ጉባኤ"ም አስደሳች ነው። ግሱ "ገብአ" ነው፤ ተመለሰ፣ ገባ። አማርኛው "ገባ" ራሱ እሱ ነው። ጉባኤ ማለት በሥሩ የገቡ ሰዎች ማለት ነው፤ አተወ እንዳመለከተን ሁሉ እዚህም መሰብሰብ ወደ ቤት መግባት ነው።

ከተሰበሰቡ በኋላ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ይመልሳል። የቅዳሴ መጽሐፍ ዳር ላይ ሦስት ምልክቶች ይፈራረቃሉ፦ ይ.ካ.፣ ይ.ዲ.፣ ይ.ሕ.። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ። የሕዝቡ ድርሻ "ተሰጥዎ" ይባላል። "ተሰጥወ" ማለት መለሰ፣ ልመናን ተቀበለ ነው። ዛሬ በአማርኛ "ተሰጥኦ" ስንል የተፈጥሮ ችሎታ ማለታችን ነው፤ ቃሉ ወደ "ሰጠ" ተስቦ ስጦታ ሆነ። በቤተ መቅደስ ግን አሁንም መልስ ነው፣ መላሹም ብቻውን የቆመ ሰው አይደለም።

ቅዳሴ ብቻን እንደማይሆን ቁጥሩም ይናገራል፤ ከአምስት ልኡካን በታች አይቀደስም። ስሞቻቸውን እንያቸው። "ልኡክ" ከ"ለአከ" ነው፣ የእኛ "ላከ"፤ "መልአክ"ም ከዚያው ሥር ነው፣ መልእክተኛ። "ንፍቅ" ካህንና "ንፍቅ" ዲያቆን ረዳቶቹ ናቸው፤ ነፈቀ ማለት ከፈለ፣ ንፍቅ ግማሽ። የሠራዒው፣ የዋናው አገልጋይ፣ ግማሽ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ንባብ የሚያነበው "አናጉንስጢስ" ደግሞ ከግሪክ የመጣ ነው፤ "አናግኖስቴስ"፣ አንባቢ። ዲያቆኑ "ተንሥኡ" ሲል ያለው ቃል የእኛ "ተነሡ" ነው፤ "ትንሣኤ" ከዚሁ ግስ ይወጣል። ከመቀመጥ መነሣትና ከመቃብር መነሣት በግእዝ አንድ ግስ ናቸው።

የመልሶች ሁሉ መልስ "አሜን" ነው። የሽማግሌ ምርቃት ሲወርድ እጅ ተዘርግቶ የሚባለው ይኸው ነው። ሥሩ በዕብራይስጥ ጽናት ነው፤ ጸና፣ የሚታመን ሆነ። በእኛ ዘንድ ይህ አንድ ሥር በሦስት በር ገብቷል። "አምነ" የቤት ልጅ ነው፤ እምነት፣ አማን፣ ታማኝ፣ እንዲሁም በፍርድ አደባባይ የሚቆመው "እማኝ" ልጆቹ ናቸው። "ሃይማኖት" በአራማይስጥ በር ገባ፣ "ሃይማኑታ"። "አሜን" ሳይተረጎም ከዕብራይስጥ ወጥቶ በግሪክ በኩል ደረሰ። አሜን ያለ ሰው በተባለው ነገር ላይ እማኝ ሆኖ ቆሟል፤ ሥሩ ይህን ያስብላል።

ሕዝብ ሲጨንቀው "እግዚኦታ" ያሰማል። "እግዚእ" ጌታ ነው፤ መጨረሻው ላይ የመጥሪያ "ኦ" ሲጨመር "እግዚኦ"። አማርኛ በዚህ የግእዝ ጥሪ ላይ የራሱን "-ታ" ቀጠለበት። ይህች "-ታ" በብዙ የድምፅ ስሞች ላይ ትገኛለች፦ እልልታ፣ ሆታ፣ እሪታ፣ ጫጫታ። አንድ ሰው ብቻውን እግዚኦ ሊል ይችላል፤ እግዚኦታ ግን ሕዝብ ይፈልጋል። 41 ጊዜ ሲባል ቁጥሩ የመከራውን ታሪክ ይይዛል፤ 39 ግርፋት፣ የእሾህ አክሊሉ፣ ጦሩ። የግብጽ ክርስቲያኖችም በዚህ ቁጥር ይጸልያሉ።

በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ጸሎቱ ከአንድ ቋንቋ ያልፋል። "ኪርያላይሶን" ግሪክ ነው፤ "ኪርዬ" ልክ እንደ እግዚኦ የመጥሪያ መልክ ነው፣ "ኤሌይሶን" ማር ማለት። "እብኖዲ" ግን ቅብጥ ነው፣ "እፍኑቲ"፣ አምላክ። "ናይናን"ም ቅብጥ ነው፣ ማረን። "ታኦስ" የግሪኩ "ቴኦስ"፣ "ትስቡጣ" የግሪኩ "ዴስፖታ" ነው፣ ጌታ ሆይ። የስቅለት ዕለት በገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚሰግድ ገበሬ በአንድ ትንፋሽ በአቴናና በአባይ ማዶ ቋንቋዎች ይማጸናል፣ በግእዝም ይዘጋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። አብረውት የሚጸልዩት በአጥሩ ግቢ ያሉት ብቻ አይደሉም።

ድምፃቸው የተቀራረበ፣ ሥራቸውን ፊደል የሚለየው ቃላትም አሉ። "ምህላ" በሃሌታው "ሀ" ነው፤ ግሱ "ተማህለለ"፣ አጥብቆ ለመነ። "መሐላ" በሐመሩ "ሐ"፤ ግሱ "መሐለ"፣ ማለ። በማኅበር ምህላ ስንገባ እየማልን አይደለም። "ማሕሌት"ም እንዲሁ ከ"ሐለየ" ነው፣ ዘመረ፤ ከ"ኀለየ" (አሰበ) የሚወጣው "ኅሊና" ነው። ብዙ ሰው "ማኅሌት" ብሎ ሲጽፍ መዝሙሩን ወደ ሐሳብ ይለውጠዋል። "ስእለት"ን ያየነው እንደሆነ በግእዝ ልመና ብቻ ነበር፣ ከ"ሰአለ"። በአማርኛ ትርጉሙ ጠበበ፤ "ይህን ብታደርግልኝ ይህን አገባለሁ" የሚል የግል ቃል ኪዳን ሆነ።

"ጸበል" ከሁሉ ይገርማል። በግእዝ ትቢያ ነው፣ አቧራ። በአማርኛ ውሃ ሆነ። ድልድዩን ኦሪት ዘኍልቍ 5፥17 ያሳያል፤ ካህኑ በሸክላ ዕቃ በያዘው የተቀደሰ ውሃ ውስጥ ከድንኳኑ ወለል ትቢያ ወስዶ ይጨምራል። ከተቀደሰ ስፍራ የተነሣ አፈርና ውሃ ሲቀላቀሉ ስሙ ከአፈሩ ወደ ውሃው ተሻገረ። ዛሬም ከጸበሉ ጋር "እምነት" የሚባለው የተባረከ አፈር ይቀባል፤ አሮጌው ትቢያ አዲስ ስም አገኘ። ከዚያ ቃሉ እንደገና ሰፋ፤ በዝክርና በማኅበር ቀን የሚቀርበው ዳቦና ጠላ ሁሉ "ጸበል ጸዲቅ" ነው። "ጸበል ቅመሱ" ብለው የሚጠሩን ቤት ውስጥ ውሃ አንጠብቅም።

የመጨረሻው ግስ "ኀደረ" ነው። ዕብራይስጡ ከዚህ ሥር "ሔዴር" አለው፣ እልፍኝ፤ ዐረብኛው "ኺድር"፣ የመጋረጃ ውስጥ ጓዳ። በግእዝ ኀደረ ማለት ኖረ፣ ተቀመጠ ነው። ከሱ "ማኅደር" ወጣ፤ መጀመሪያ ማደሪያ፣ ቀጥሎ የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ሰገባ፣ ዛሬ ደግሞ በቢሮ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው የሠራተኛ ፋይል። እመቤታችንን "ማኅደረ መለኮት" ሲሏት የመጀመሪያውን ይዘው ነው።

"ኅድረት" ግን ጥንቃቄ የሚሻ ቃል ነው። የኛ ሊቃውንት ስለ ክርስቶስ ሲያስተምሩ ቃል ከሥጋ ጋር የተዋሐደው ያለ ኅድረት ነው ይላሉ፤ መለኮት በሰው ላይ እንዲሁ አደረ የሚለውን የንስጥሮስ ትምህርት ለመዝጋት። ለክርስቶስ ተዋሕዶ፣ ለጻድቃንና ለምእመናን ኅድረት። ስለዚህ ማኅበር በጸሎት የሚለምነው በዚህ በሁለተኛው ቃል ነው።

በአማርኛ ኀ እንደ ልማዷ ጠፋች። ኀለፈ አለፈ፣ ኀጥአ አጣ (ኀጢአት በሥሩ ማጣት ነው)፣ ኀደረ አደረ ሆነ። ትርጉሙም ከመኖር ወደ አንድ ሌሊት አጠረ። እንዴት አደራችሁ እንላለን፣ አዳር እንላለን፤ "ወታደር" ወጥቶ አደር ነው፣ "አርሶ አደር" አርሶ የሚኖር። በአርሶ አደር ውስጥ አሮጌው ትርጉም አልሞተም፤ ኖረ ማለት ነው። "አስተዳደር"ም ልጁ ነው፣ ማኖር፣ ኑሮን መምራት።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አማርኛ ይህን ግስ በሁለት ቀጭን ፊደላት የሚመራበት መንገድ ነው። "በ" ሲገባበት የሚያድረው መንፈስ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ አደረባቸው፣ ክፉ መንፈስም አደረበት ይባላል፣ ግሱ አይመርጥም። "ለ" ሲገባበት ባለቤቱ ይገለበጣል። ለመስፍን አደረ ሲባል ገብቶ አገለገለ ማለት ነው፤ ለእግዚአብሔር አደረ ሲባልም ዕድሜውን ለእሱ አገልግሎት ሰጠ። ሌሎቹ የሴም ልሳናት ሁለቱን በሁለት ግስ ይናገራሉ ወይስ በአንድ ብዬ ዐረብኛውንና ዕብራይስጡን አየሁ፤ በዐረብኛ ማገልገል ከ"ኸደመ" ነው፣ በዕብራይስጥ ከ"ዐበድ"፣ ሁለቱም ከማደር ጋር ዝምድና የላቸውም። ከሦስቱ አማርኛ ብቻውን አደረብን እና አደርንለት ይላል።